የኦፔራ የእጅ ጽሑፍ የገዛ ሰው በሩን ይክፈት

ፖሊን ቪያርዶ በዘመኗ ስመ ጥር የኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ቲያትር) ዘፋኝ ነበረች። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት በእጁ የጻፈውን የ«ዶን ጆቫኒ» ኦፔራ ኖታ በ1855 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ገዛች። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ግዙ ተብለው እምቢ ያሉት ኖታ ነው። እሷ ግን ጌጣጌጧን ሽጣ እንደገዛችው ይነገራል። ልዩ ሳጥን አሠርታ አስቀመጠችው፤ ማየት ለሚፈልግም ታሳይ ነበር። የኦፔራ ደራሲው ሮሲኒ ቤቷ ሄዶ ሲያየው ተንበረከከ ይባላል። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪም በ1886 አገላብጦታል። በመጨረሻ ለፓሪስ ኮንሰርቫቶር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ሰጠችው። ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ለእኔ የእጅ ጽሑፍ ሰብሳቢ ማለት እሷ ናት።

ተቃራኒውም አለ። ጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ዋግነር በወጣትነቱ የጻፋቸውን ኦፔራዎች የእጅ ጽሑፍ፣ «ሪየንዚ»ን ጨምሮ፣ የጀርመን ባለሀብቶች ገዝተው በ1939 ለሂትለር 50ኛ ልደት ሰጡት። ጦርነቱ ሲከፋ የዋግነር ቤተሰብ አደራ እንዲሰጣቸው ለመኑት። ሂትለር ግን እኔ ጋ ይሻላል አለ። ከ1945 ወዲህ የት እንደገቡ አይታወቅም። ስለዚህ ዛሬ «ሪየንዚ»ን መድረክ ላይ የሚያወጣ ሰው ካልተሟሉ ቅጂዎች እየለቃቀመ ነው የሚሠራው። የአንድ ሰው እምቢታ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ሀብታም አይግዛ እያልኩ አይደለም። በ2016 የሙዚቃ ደራሲው ማህለር 2ኛ ሲምፎኒ (ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ) የእጅ ጽሑፍ በ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሽጧል። ገንዘቡ ያለው ይግዛ፤ ደግ አድርጎም ይያዘው። ግን ይህ ዕቃ እንደ ወርቅ ሰዓት ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት የሚረሳ አይደለም።

«ኖታው ታትሞ የለ እንዴ፣ ምን ጎደለ?» የሚል ይኖራል። ብዙ ጎድሏል። ሞዛርት ኦፔራ ሲጽፍ መጀመሪያ የዘፋኙን ዜማና የባሱን (የዝቅተኛውን ድምፅ) መስመር ያሰፍርና ሌሎቹን መሣሪያዎች በኋላ ይሞላ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀለሙ ልዩነት ይህን ያሳያል። የታተመው ላይ ግን ሁሉም እኩል ጥቁር ነው።

የሙዚቃ ደራሲው ኬሩቢኒ «ሜዴ» ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ይህ ኦፔራ በ1797 ሲቀርብ ረዘመ ተብሎ ተተችቷል። በእጅ ጽሑፉ ላይ የአንድ አሪያ (አንድ ዘፋኝ ብቻውን የሚዘፍነው ክፍል) መጨረሻ በከሰል ተለቅልቆ ጠፍቶ ነበር። በ2013 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ገጹን በኃይለኛ ኤክስሬይ አዩት። ጨረሩ ከሰሉን አልፎ ይሄዳል፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ብረት ግን ይታያል። ኖታው አንድ በአንድ ብቅ አለ። ከ200 ዓመት በላይ ማንም ያልሰማው ሙዚቃ ተመለሰ። ይህ ከፎቶ አይገኝም፤ ወረቀቱ ራሱ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጨረታ ቤቶች የእጅ ጽሑፍ ሲሸጡ ሙሉ ፎቶው አስቀድሞ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ገዢውም አጥኚ ሲያንኳኳ ይክፈት። ገጽ እየገነጠሉ መሸጥ ደግሞ ጭራሽ ይቅር፤ የቤትሆቨን የረቂቅ ደብተሮች በዚህ መንገድ ነው የተበታተኑት።

ሻጮች ፎቶው ከወጣ ዋጋው ይወርዳል ብለው ይሰጋሉ። የ«ዶን ጆቫኒ» ገጾች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ። ዋጋው ወረደ የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።