አጋዘኑም ተረት ነው

«የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ዘንዶ እያየ መመረቅ የለበትም።» ይህን የተናገሩት አንድ ነባር የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ በቅርቡ የኮርስ ይዘት ለመከለስ በተጠራ ስብሰባ ላይ። ወዲያው እጅ ተቆጠረና ዘንዶዎች ያሉበትን፣ በዙፋን ሽሚያ ላይ ያተኮረውን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም የምንጠቀምበት የአንድ ሳምንት ትምህርት ከኮርሱ ወጣ። ውሳኔውን ከተቃወምነው 3 ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እዚያ የተሰጠኝ ጊዜ አልበቃኝምና የቀረኝን እዚህ እላለሁ።

የመምህሩ ክርክር ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ዘንዶ የሚባል ፍጡር የለም፤ ስለዚህ ዘንዶ ያለበት ታሪክ ስለ መንግሥታት የሚያስተምረው የለም። ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ክርክር ከዘርፉ ሰው አፍ መውጣት የማይገባው ነው። እሳቸው ራሳቸው በየዓመቱ የሚያስተምሩት ስለ አጋዘን አደን አይደለም እንዴ?

አጋዘኑን የጄኔቫው ተወላጅ ፈላስፋ ሩሶ በ1755 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አመጣው፤ አሜሪካዊው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሁር ኬኔት ዋልትዝ ደግሞ በ1959 አንስቶ የዘርፉ ዋና ምሳሌ አደረገው። አምስት የተራቡ ሰዎች ተገናኙ። አጋዘን ቢጥሉ ለሁሉም ይበቃል፤ ነገር ግን አምስቱም ቦታቸውን ሳይለቁ መክበብ አለባቸው። በዚህ መሀል ጥንቸል በአንደኛው አጠገብ ታልፋለች። ጥንቸሏ ለእሱ ራት ትበቃዋለች። ቦታውን ለቆ ይይዛታል፤ አጋዘኑ በተከፈተው በኩል ያመልጣል፤ አራቱ ጦማቸውን ያድራሉ። ሰዎቹ እነማን ናቸው? ጫካው የት ነው? ማንም ጠይቆ አያውቅም። የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የሆብስ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚዋጋበት ዓለም፣ ተነጥለው ሲመረመሩ አንዱ ሌላውን ይክዳው ወይስ አይክዳው የሚባሉት ሁለቱ እስረኞች፣ ሁሉም ተረቶች ናቸው። ዘርፉ ቆሞ የሄደው በተረት ነው። ታዲያ የፈላስፋ ተረት ሲሆን ንድፈ ሐሳብ፣ የቴሌቪዥን ተረት ሲሆን ጨዋታ የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

አሁን ወደተሻረው ሳምንት ልግባ። ለተማሪዎቼ የማሳየው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ በ2017 የታየው የ7ኛው ምዕራፍ መጨረሻ። የሙታን ጦር ከሰሜን እየመጣ ነው። ጆን ስኖውና ዴኔሪስ የተባሉት መሪዎች ባላንጣቸውን ንግሥት ሰርሲን አብራቸው እንድትዋጋ ለማሳመን አንድ ሙት በሣጥን አስጭነው ይመጣሉ። ሣጥኑ ሲገለበጥ ሙቱ እየጮኸ ወደ ንግሥቲቱ ይሮጣል፤ ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ሰንሰለቱ ይይዘዋል። ፊቷን ተመልከቱት እላቸዋለሁ። ፈርታለች፤ አምናለች። ጦሯን ወደ ሰሜን እንደምትልክ ቃል ትገባለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ለወንድሟ ለጄሚ እውነቱን ትነግረዋለች፦ አንድም ወታደር አይሄድም፤ ጠላቶቿ እርስ በርስ ይጨራረሱ፤ እሷ ከባሕር ማዶ ቅጥረኛ ጦር እያስመጣች ነው።

ፊልሙን አቆማለሁ። ምንም ሳልናገር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፦ ወልወል 1934፤ ጥቅምት 1935፤ ታኅሣሥ 1935፤ ሰኔ 30 ቀን 1936፤ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር።

ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ «ሰርሲ ፈረንሳይ ናት» አለች። አጠገቧ ያለው ወዲያው ተቃወማት፦ «እንግሊዝ እንጂ! የስዊዝ ቦይ በማን እጅ ነበር?» ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማን ይያዘው። የመንግሥታት ማኅበር የወልወልን ግጭት ሰበብ አድርጋ አገራችንን የወረረችውን ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈርዶ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የስዊዝ ቦይ ለኢጣሊያ የጦር መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀጠለ። በታኅሣሥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል አገራችንን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት የመከሩት ምክር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ።

ይህን ታሪክ ልጆቻችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የሚያውቁት ግን በአንድ ቃል ነው፦ «ከዱን»። እውነት ነው፣ ከድተውናል። ነገር ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ቁስሉ የራሳችን ስለሆነ ከከዳተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገሩን ማየት አንችልም። ሰርሲ የማንም አያት ላይ የመርዝ ጋዝ አላዘነበችም። ስለዚህ ተማሪው ወንበሯ ላይ ለመቀመጥ አይከብደውም፤ ከዚያ ሆኖ ሲያይ የላቫል ጥንቸል ምን እንደነበረች ይገባዋል፦ ሂትለር ላይ ሙሶሊኒን ወዳጅ አድርጎ መያዝ። አጋዘኑ የጋራ ደኅንነት የተባለው ቃል ኪዳን ነበር፤ አመለጠ። ጥንቸሏም ብትሆን አልተያዘችም፤ ሙሶሊኒ ሄዶ ከሂትለር ጋር ገጠመ። ይህን በ10 ደቂቃ ትዕይንት ያህል ያስጨበጠ የመማሪያ መጽሐፍ እኔ አላየሁም፤ አለ የሚል ያምጣው።

ደግሞስ ፖለቲካን በተረት ማሰብ ለእኛ ባዕድ ነው? «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው አህያ ወልወልን ከማንም በፊት አስረድታናለች። አቴናውያን በ416 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ደካማዋን የሜሎስ ደሴት ሊያስገብሩ ሲደርሱ ማመካኛ እንኳ አልፈለጉም፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ የጻፈውን ያንን ንግግር ግን በየክፍሉ እናስነብባለን።

የዘንዶ ወሬ ከዲፕሎማሲ ጋር አይገናኝም የሚሉም ኅዳር 2018ን ያስታውሱ። ትራምፕ በኢራን ላይ ማዕቀብ እየመጣ ነው ያሉት በዚሁ ፊልም ፊደልና አባባል በተሠራ ፖስተር ነው። የኢራኑ ጄኔራል ቃሲም ሱሌማኒም በዚያው መልክ በተሠራ ምስል መለሱላቸው። ባለሥልጣናቱ የሚዛዛቱበትን ቋንቋ ተማሪው እንዳያውቅ መከልከል ምን ይሉታል?

አንድ ነገር እቀበላለሁ፦ የፊልሙ የመጨረሻ ምዕራፍ የተጣደፈ ነው፤ ለትምህርትም አልጠቀምበትም። «ተማሪው ማንበብ ይተዋል» የሚለውን ግን አልቀበልም። በዚያ ሳምንት የተመደበው ንባብ የዋልትዝ ምዕራፍና የንጉሠ ነገሥቱ የጄኔቫ ንግግር ነበር፤ ሁለቱንም ሳይጠየቁ አንብበው የመጡት በዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

ያቺ ልጅ ክፍሉ ሲበተን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ «ሰርሲ ጦሯን ሰሜን ብትልክ ኖሮ፣ እስኪመለስ ዙፋኗን ማን ይጠብቅላት ነበር?» አለችኝ። ላቫልም፣ ለንደንም ራሳቸውን የጠየቁት ይህንኑ ነው። የኮርሱ ኮሚቴ እንደገና ይሰብሰብ፤ ይህንን ጥያቄ ከመማሪያ ክፍል ለማስወጣት እጅ የሚያወጣ ካለ በዚያ ይታይ።