ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ

ደመወዝ በገባ በሁለተኛው ሳምንት «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መርማሪውም ተጠርጣሪውም አንድ ሰው ስለሆነ ነገሩ ብዙም አይገፋም። በመጨረሻ ውሳኔ ላይ ይደረሳል። የወጪ መመዝገቢያ አፕ ያስፈልጋል! ልብ በሉ፣ ወጪ መቀነስ ያስፈልጋል ያለ የለም።

ከዚያ ማማረጥ ይጀመራል። ከበጀት ሥራ ሁሉ የሚጥመው ይሄኛው ነው። አንድ ሳንቲም ሳይቆጥቡ የቆጣቢነት ስሜት ይሰጣል። ሰውዬው አምስት አፕ ያወርዳል። አምስቱም «የቁጠባ ግብህ ምንድን ነው?» ይሉታል። አምስቱም ላይ «ቤት መግዛት» ብሎ ይሞላል። በአንድ ምሽት አምስት ቤት አቅዶ ይተኛል። ምዝገባው ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ነው። ወር ከመሃል አይጀመርማ!

አንድ ወዳጄ በዚህ ሥራ የተካነ ነው። ሰሞኑን አዲስ አፕ አውርዶ የወጪ ምድቦችን ሲያበጅ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ለትራንስፖርት የሚሆን ምልክት ፍለጋ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። አውቶቡሱን አየ፣ ባቡሩን አየ፣ ብስክሌቱ ላይ ትንሽ ቆየ። በመጨረሻ ቀይ መኪና መረጠ።

«መኪና የለህም እኮ» አልኩት።

«ለወደፊቱ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወደ ቀለም ተሻገረ። ጤና አረንጓዴ ይሁን ወይስ ሰማያዊ? ትምህርትስ? የስጦታን ምድብ «የቤተሰብ»፣ «የጓደኛ» እና «የግዴታ» ብሎ ለሦስት ከፈለው። (የግዴታ ስጦታ ማለት የመሥሪያ ቤት መዋጮ ነው። እዚህ ላይ ልክ ነው፣ አልከራከረውም።) ሲጨርስ የምድቡ ብዛት የአንድ ትንሽ አገር የበጀት ሰነድ አክሏል። ታዲያ ወሩ ሲያልቅ ክብ ግራፉን አሳየኝ። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የያዘው አንድ ምድብ ብቻ ነው። ስሙም «ሌላ» ይባላል። ግራጫ ቀለም ነው። ቀለሙን እንኳ እሱ አልመረጠውም፤ ከአፑ ጋር የመጣ ነው።

የበጀት አፕን ሁሉ ያየ ሰው «ሌላ»ን ያውቀዋል። ሰው እንዳይታይበት የሚፈልገው ወጪ ሁሉ እዚያ ያድራል።

ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ የሚባለውም ቀመር ከዚህ አያመልጥም። ከግብር በኋላ ካለው ገቢ 50 በመቶው ለግድ አስፈላጊው፣ 30 በመቶው ለሚያስደስተው፣ 20 በመቶው ለቁጠባና ለዕዳ ክፍያ ይሁን የሚል ነው። ያስፋፉት አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር፣ በኋላ ሴናተር የሆኑት ኤልዛቤት ዋረን ከልጃቸው ጋር ሆነው ነው። ቀመሩ ግሩም ነው። ችግሩ ጠበቃው ነው። አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ስንገዛ ሁላችንም ጠበቃ እንሆናለን። «ሥራ ላይ ትኩረት እንዳደርግ ይረዳኛል፤ ሥራ ካልሠራሁ ገቢ የለም፤ ስለዚህ ግድ አስፈላጊ ነው» ይባላል። ክርክሩ ይረታል፣ ሃምሳው ሰባ ይሆናል፣ የሚቀነሰውም ያው ከሃያው ነው።

ከቀለሙ ፊት መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚንትን ታሪክ ለዚህ ነው የማነሳው። ሚንት በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ነጻ አፕ ነበር። ከባንክ ሂሳብህ ጋር ይገናኝና ወጪህን ራሱ መድቦ ያሳይሃል። ገቢ የሚያገኘው ደግሞ ለተጠቃሚዎቹ ክሬዲት ካርድና ሌላ የገንዘብ አገልግሎት እየጠቆመ ነው። እስቲ አስቡት፤ «ከበጀትህ አልፈሃል» ብሎ የሚቆጣህም፣ «ካርድ ላውጣልህ?» የሚልህም አንድ ቤት ነው። በ2009 ኢንቱይት የተባለው ኩባንያ በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በማርች 2024 ዘጋው። ስንቱ የዓመታት ወጪውን ተሸክሞ ማረፊያ ፍለጋ ወጣ! ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ነገ ብወጣ የመዘገብኩትን ይዤ መውጣት እችላለሁ? ሲኤስቪ የሚባል ተራ የሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ ከሰጠ ይበቃል፤ ኤክሴልም ይከፍተዋል። ካልሰጠ የፈለገው ዓይነት ቀይ መኪና ቢኖረው ይቅርባችሁ።

የሚከፈልባቸውም አሉ። ዋይናብ የሚባለው ጄሲ መቻም የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ለራሱና ለሚስቱ ከሠራት የኤክሴል ሠንጠረዥ የተነሳ ነው። መሸጥ የጀመረው በ2004 ነው። ዘዴው እያንዳንዱ በእጅ ያለ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሥራ እንዲሰጠው ያደርጋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለውን ወደ ስልክ ማምጣት በሉት። ዛሬ በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ይከፈልበታል። ለሚጠቀምበት ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ግን በየወሩ እየከፈለ የማይከፍተው ዓይነትም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አፑ ወጪውን መርምሮ የሚደርስበት የመጀመሪያ ግኝት ራሱ አፑ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው።

በነጻ ይሁን ካላችሁ ደግሞ ግኑካሽ አለ። ከ1998 ጀምሮ ያለ፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። የሚሠራው በሁለትዮሽ ምዝገባ ነው፤ ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ዘዴ ማለት ነው። እስክሪብቶ ገዝታችሁ ለመመዝገብ ገንዘቡ ከየትኛው ሂሳብ ወጥቶ ወደ የትኛው እንደገባ መናገር አለባችሁ። ሒሳብ ለሚወድ ሰው ገነት ነው። ለሌላው ግን እስክሪብቶውን አለመግዛት ይቀለዋል። እንዲህ ሲታይ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጥበው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«እኔ መጻፍ አልወድም፣ ራሱ ይመዝግብልኝ» የሚልም ሞልቷል። ራሱ የሚመዘግበው ወይ ከባንክ ጋር ይገናኛል፣ ወይ ከባንክ የሚመጣውን የጽሑፍ መልእክት ያነባል። ሁለተኛው የሚሆነው አንድሮይድ ላይ ነው፤ አይፎን አፖች የመልእክት ሳጥን ገብተው እንዲያነቡ አይፈቅድም። የሚያነበው ደግሞ የባንኩን ብቻ ነው ወይስ የፍቅረኛንም? ፈቃድ ስንሰጥ ይህን አንጠይቅም፤ «እሺ» የምትለዋን ተጭነን እናልፋለን። አውቶማቲኩ ሌላም ጉድ አለው። ከአንዱ ሂሳባችሁ ወደ ሌላው 5,000 ብታዛውሩ፣ ካላስተካከላችሁት 5,000 እንዳወጣችሁም 5,000 እንደገባላችሁም አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ምንም ሳትንቀሳቀሱ ገቢም ወጪም ጨምሮ ታድራላችሁ።

ባልና ሚስት በጋራ ሲጠቀሙት ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። አንድ የማውቀው ባል ለሚስቱ ልደት በድብቅ ሰዓት ገዛ። ክፍያውን ፈጽሞ ከሱቁ ሳይወጣ የእሷ ስልክ ጮኸ። አፑ የሱቁን ስም፣ ዋጋውን፣ ሰዓትና ደቂቃውን ጽፎ «ምድብ ይምረጡ» ብሎ ይጠብቃታል። እሷም ጨዋ ናት፣ ምንም አላለችም። «ሌላ» ውስጥ ከተተችው። በልደቷ ቀን በደንብ ደነገጠች ይባላል።

ያን ባለ ቀይ መኪና ወዳጄን የትኛውን ልምረጥ ብሎ ሲጠይቀኝ የማምንበትን ነግሬዋለሁ። ከመክፈት እስከ መመዝገብ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚወስደውን ያዝ። ምድብህን ከአሥር በታች አድርገው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይመዝግብ። መረጃህን መልሶ የሚሰጥህ ይሁን። ይሄ ሁሉ ከበዛብህ ደብተር አለ፤ ጃፓኖች ጋዜጠኛዋ ሃኒ ሞቶኮ በ1904 ያሳተመችውን የቤት ወጪ ደብተር ዘዴ፣ ካኬቦን፣ እስከ ዛሬ በእጃቸው እየጻፉ የሚጠቀሙበት አሉ። ዋናው ሦስተኛው ሳምንት ላይም የምትከፍተው መሆኑ ነው አልኩት።

በጥሞና ሰማኝ። ራሱን ነቀነቀ። ማስታወሻም ይዟል።

«ገባኝ» አለ። «ዳርክ ሞድ ግን አለው?»