ውሃውን ለሚጠብቅልን ገበሬ ማን ይክፈል?

«ገበሬ የገዛ መሬቱን ስለጠበቀ ደግሞ ብር ይከፈለው?» ይህን ያለኝ እዚህ ኒውዮርክ የሚኖር ወዳጄ ነው። ነገሩ አንገብግቦኛል። ምክንያቱም እሱም እኔም በየቀኑ የምንጠጣው ገበሬ ተከፍሎት የጠበቀውን ውሃ ነው።

ከከተማዋ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከከተማዋ በስተሰሜን ካሉት ከካትስኪልስና ከደላዌር ተፋሰሶች ነው። አንዳንዱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል። ክሎሪን ይጨመርበታል፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ያልፋል፣ በማጣሪያ ጣቢያ ግን አያልፍም። በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት «የወንዝና የሐይቅ ውሃ ይጣራ፤ ካልሆነ ምንጩ መጠበቁን አሳዩ» አለ። ማጣሪያው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይፈጅ ነበር። ከተማዋ መጀመሪያ በወንዝ ዳር እርሻ ላይ ጥብቅ ደንብ ልታወጣ ሞከረች፤ ገበሬው አሻፈረኝ አለ። በኋላ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመሩት የተፋሰስ የግብርና ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ወጪውን የምትሸፍነው ከተማዋ ሆነች። በ1997 ደግሞ ሰፊው ስምምነት ተፈረመ።

ወደዚያ ወጥቼ አንድ የወተት ከብት እርባታ አይቻለሁ። በጅረቱ ዳርና ዳር የሽቦ አጥር ተዘርግቷል። ላሞቹ ድሮ ጅረቱ ውስጥ ገብተው ይጠጡ ነበር፤ እዚያው ይጸዳዱም ነበር። አሁን ውሃው በቧንቧ ወደ ላይ ወጥቶ ገንዳ ላይ ይጠብቃቸዋል። በአጥሩና በጅረቱ መካከል የአኻያ ችግኝ ተተክሏል። ለተተወው መሬት ሰውየው በየዓመቱ ኪራይ ያገኛል። ጥጆቹ እንኳ ለብቻቸው ናቸው፤ የጥጃ እበት በክሎሪን በቀላሉ የማይሞት ተሕዋስ ስለሚይዝ። ይህንን ሁሉ ሲያስረዳኝ የልመና ስሜት አልነበረውም። ሥራውን እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚያወራው።

ወደ አገራችን ስመጣ ሆዴ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ ትጠጣለች። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚታጠበው አፈር ግድቡን ያደፈርሰዋል፣ ማጣሪያ ጣቢያውም ኬሚካል ይጨምራል። የጎንደሩን የአንገረብ ግድብ ደለል አስቸግሮታል። በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተገነባው ቆቃም ብዙ ቦታውን ለደለል ለቋል። ከላይ ያለው ገበሬ ግን በየበጋው ተጠርቶ እርከን ይሠራል። በነፃ! ዘመቻ ነው፣ የተፋሰስ ልማት ነው። ካልወጣ ይወቀሳል፤ ከወጣ ምን እንዳገኘ የሚጠይቀው የለም። ሴፍቲኔት ይከፍላል ይባል ይሆናል። ሴፍቲኔት የሚከፍለው ሰውየው ስለተራበ ነው፤ ለከተማው ውሃ ስለጠበቀ አይደለም።

እርከን ቦታ ይበላል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ከማሳው አንድ ሜትር ስትወስድበት ከልጆቹ እህል ላይ ነው የምትወስደው። ተዳፋቱ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ሲባል በሬውን የት ይወስደዋል? እርግጥ ነው፣ አፈሩ በመቆየቱ እሱም ይጠቀማል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ኪሳራው የዘንድሮ ነው። ለዚህ ነው እርከኑ በተሠራ በማግስቱ ከብት የሚረግጠው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አማራጭ ስላጣ ነው።

ልዩነቱ ይገባኛል። እዚህ ገበሬው በቁጥር ጥቂት ነው፣ መሬቱም ሰፊ ነው፤ እዚያ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በጠባብ ማሳ ላይ ነው ያለው። ግን ማሳው በጠበበ ቁጥር የምንጠይቀው መስዋዕትነት ይከብዳል፣ ክፍያውም ይበልጥ ይገባዋል።

ወዳጄ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርቷል፤ ቧንቧው ሲደፈርስ ደውሎ የሚማረረው ለእኔ ነው። እስቲ ከወርሃዊ የውሃ ሂሳቡ ላይ ጥቂት ብር ተቆርጣ ከለገዳዲ በላይ ላለው ገበሬ ትሂድ። በዓመቱ ሳሩ መብቀሉ፣ እርከኑ መቆሙ ይታይና ይከፈለው። እንዴት እንደሚከፈል ደግሞ ገበሬዎቹ ራሳቸው ስብሰባው ላይ ተቀምጠው ይወስኑ።