ይድረስ ቆጠራው ሲሞቅ ብቻ ወንበር ለሚስበው ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አንተ ከመጣህባት ካለፈችው የዓርብ ሌሊት በስተቀር፣ ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና፣ በጣም ደህና ነኝ። ስምህን ስለማላውቅ "ወንድሜ" ብዬሃለሁ። የእኔን ስለማልነግርህ አንተም እንደዚያው በለኝ። በዚህ ላስ ቬጋስ በሚባል በረሃ ሁለት ካርታ ቆጣሪዎች ስም ቢለዋወጡ የሚጠቀመው ካሲኖው ብቻ ነው።

ያቺን ጠረጴዛ እንዴት እንዳገኘኋት ልንገርህ። ዛሬ ስትሪፑ (ትልልቆቹ ካሲኖዎች የተሰለፉበት ጎዳና) ላይ 100 ዶላር አስይዞ ብላክጃክ፣ በሁለት ካርታ ሃያ አንድ፣ ለመጣለት ሰው፣ እንደ ድሮው 150 የሚከፍል ጠረጴዛ በትንሽ ብር ማግኘት ጭንቅ ነው። ብዙዎቹ 120 ወርውረውልህ ፈገግ ይላሉ። እኔ 150 የምትከፍለዋን፣ መነሻዋ 15 ዶላር የሆነችውን፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን አገኘኋት። ታክሲዬን አስረክቤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ።

ፈረንጆቹ "ጫማ" ብለው በሚጠሩት ሳጥን ውስጥ 6 ፓኬት ካርታ አለ፤ 312 ካርታ ማለት ነው። ከ2 እስከ 6 ያለው ሲወጣ አንድ መደመር፣ 10፣ ሥዕሎቹና ኤሱ ሲወጡ አንድ መቀነስ፣ 7፣ 8 እና 9ን እንደ ባለዕዳ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ። ድምሩ ከፍ ሲል ቆጠራው ሞቀ እንላለን፤ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ትልልቁ ካርታ ነውና ብልጫው የእኛ ይሆናል። ይህን ላንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። የማላውቀው ግን ቆጠራው ከዜሮ በታች ሲሆን ምን እንደሚመስል አይተህ ታውቅ እንደሆነ ነው። እኔ ልንገርህ። በግራህ የተቀመጠው ቱሪስት ሁለተኛ ትዳሩ እንዴት እንደፈረሰ ይተርክልሃል። ትረካውን ሲጨርስ ቢራውን ክርንህ ላይ ይደፋል። ይቅርታ ጠይቆ ከመጀመሪያው ትዳሩ ይጀምራል። አንተ 15 ዶላርህን እያስያዝክ፣ እየተበላህ፣ በሆድህ "ከዜሮ በታች ስምንት፣ ከዜሮ በታች ዘጠኝ" ትላለህ፤ ፊትህ ደግሞ በትዳሩ መፍረስ ማዘን አለበት። ብዙ ሳጥን እንዲህ ሆኜ አለፍኩ።

በመጨረሻ በአንዱ ሳጥን ትንንሾቹ ካርታዎች እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረዱ። ድምሩ 14 ደረሰ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው 3 ፓኬት ተኩል ነው፤ ለዚያ ሲካፈል 4 ይሆናል። ስድስት ሰዓት ያህል የጠበቅኳት 4! 100 ዶላር ላስይዝ እጄን ስዘረጋ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ለካ አንተ ከኋላዬ፣ አንድ ሳንቲም እንኳ ካልከተትክበት ማሽን አጠገብ፣ ስልክህን እያየህ ስታዛጋ ነበር። ስልኩ እንኳ በርቶ አልነበረም። ዕቁቡን ሳይጥል ዕጣ የሚያወጣ ሰው አለ ሲባል አላምንም ነበር፤ አሁን አምኛለሁ። ያም ባልከፋ። አንዱ ቦታ አልበቃህ ብሎ ሁለት ቦታ ላይ ደረደርክ።

ተሳስተህ እንዳትረዳኝ። "ካርታዬን ወሰድክብኝ" አልልህም፤ ያ የባለ ቢራው ለቅሶ ነው። ካርታው ላንተም ለእኔም ዘመድ አይደለም። የበላኸው ዙሬን ነው። ሳጥኑ እስኪበወዝ 104 ካርታ ቀርቶ ነበር እንበል። (ባለ ቢራው በዚያች ሰዓት ሽንት ቤት ነበር፤ በደግ ቀን የሚሄደው እሱ ብቻ ነው።) አንድ እጅ ወደ 2.7 ካርታ ይፈጃል። እኔና ዲለሯ (ካርታ አዳይዋ) ብቻችንን ብንሆን 19 ዙር እንጫወት ነበር። አንተ በሁለት እጅህ ስትጨመር ግን 10 እንኳ አልሞላም።

መኪና እየነዳሁ የጠፋውን አሰላሁት። በዚያ ቆጠራ ላይ የእኛ ብልጫ 1.5 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ዶላር ባስያዝኩ ቁጥር በአማካይ የማገኘው አንድ ዶላር ከሃምሳ ነው። ዘጠኝ ተኩል ዙር አሳጥተኸኛል፤ ሲባዛ 14 ዶላር ከሩብ። ለአንድ ክትፎ አይበቃም። ይህን ባውቅም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። እንዲያውም ስላወቅኩ ይመስለኛል ያልተኛሁት።

ግን ክትፎውን ይቅር እንበለው፤ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ሐበሻ ጎን ለጎን ተቀምጦ በአንድ ዙር ውርርዱን ከፍ ሲያደርግ ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ምን ይላል? ኢንሹራንስ፣ ማለትም እሷ ብላክጃክ አላት ብሎ በጎን መወራረድ፣ የሚያዋጣው ቆጠራው ሲሞቅ ብቻ ነውና፣ ዲለሯ ኤስ ስታሳይ እኔ ስድስት ሰዓት ሙሉ "ኢንሹራንስ አልፈልግም" ስል ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔም አንተም በአንድ ትንፋሽ "ኢንሹራንስ!" አልን፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መሰልን። ፒት ቦሱ፣ የጠረጴዛዎቹ አለቃ፣ ስልክ አነሳ።

ይህ ሳያንስ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለህ በአማርኛ "ወንድም፣ ስንት ላይ ደረስን?" አልከኝ። "ደረስን!" ስድስት ሰዓት ሙሉ እኔ ብቻዬን ስሄድ የነበረውን መንገድ "ደረስን"። ወንድሜ፣ 312 ካርታ አንድ በአንድ የምታይ ሰው፣ ዲለሯ ደረት ላይ የተለጠፈችውን ስም አላየህም? በዚህ ከተማ ስሙ ሥር የትውልድ ቦታ የሚጻፍበት ካሲኖ ብዙ ነው። የእሷ "አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ" ይላል። ሴትዮዋ ካርታዋን እያደለች፣ ቀና ሳትል፣ "እኔ አልሰማሁም" አለች፤ በጥሩ አማርኛ።

ከዚያ ትልልቆቹ ካርታዎች ወጡ፤ ቆጠራው ቀዘቀዘ፤ አንተም ቺፕህን ሰብስበህ ተነሣህ። አልሸሹም ዞር አሉ። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ደርሶ ትከሻ ሲነካ የተገኘው ትከሻ የእኔ ነበር። "ጨዋታህ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ሌላ የፈለግከውን ተጫወት፣ ብላክጃክ ግን ከዛሬ ጀምሮ የለም" አለኝ፤ በትሕትና። ኔቫዳ ውስጥ በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል አይደለም፤ ወንጀል ባይሆንም ቤታቸው ነውና ያስወጡሃል። አትላንቲክ ሲቲ ቢሆን፣ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እንደፈረደው፣ በመቁጠርህ ብቻ አያባርሩህም፤ በፈለጉት ሰዓት እየበወዙ ያደክሙሃል እንጂ። አንተ ለዚያ ከተማ የተፈጠርክ ትመስለኛለህ፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን በግማሽ እችልሃለሁ።

አቤት ልልብህ አስቤ ነበር፤ ለማን? ፒት ቦሱ ዘንድ ብሄድ ሁለታችንንም ይሸኘናል። ሽማግሌ ልላክብህ ብል የመጀመሪያው ጥያቄ "ለመሆኑ እናንተ እዚያ ምን ትሠሩ ነበር?" የሚል ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ከቁማር ማሽኑ ጋር ሲነታረክ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ያለን ያልተጻፈው ሕግ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠ ቆጣሪ ካለ ጠረጴዛዋ የእሱ ናት። የሰው ማሳ አይታጨድም። ቺፑን ሲደራርብ አይተህ ካወቅከው፣ ቡና እንደሚፈልግ ሰው ዝም ብለህ ታልፋለህ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ባለፈው ጥር ዳውንታውን ውስጥ የአንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ቻይናዊ ጠረጴዛ ላይ፣ ልክ እንዳንተ፣ ቆጠራው 3 ሲደርስ ተቀምጫለሁ። እርግጥ የእኔ ይለያል፤ አንድ ቦታ ብቻ ነው የተጫወትኩት፣ ከመቀመጤ በፊትም "እዚህ ሰው አለ?" ብዬ ጠይቄያለሁ። አባት ቀና ብለው አዩኝ፣ ቺፓቸውን ለቅመው ሄዱ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ካገኘኋቸው ይቅርታ እላለሁ።

እንግዲህ የምለምንህ ይህ ነው። እኔ ገና ባልተባረርኩባቸው ካሲኖዎች ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ የእኔ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ያንተ። ዓርብን ጾም ነውና ለባለ ቢራው እንተውለት። እስክትመልስልኝ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ።

ማስታወሻ፦ ዲኬተር መንገድ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ብታየኝ አትሽሽ፤ ሰላም በለኝና ስለ ታክሲ እናውራ። ባለቤቴ አብራኝ ካለች ደግሞ ዓርብ ሌሊት ኤርፖርት በር ላይ አብረን ወረፋ ይዘን እንደነበር አደራ።