የቀለበት ጣት ምን በደለች?

ሰሞኑን በኢንተርኔት በቀጥታ በተላለፈ የወጣት ፒያኒስቶች ውድድር ላይ፣ የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 10 ቁጥር 2 ኤቱድ፣ ማለትም የልምምድ ድርሰት፣ ስትጫወት ሁለተኛው ገጽ ላይ እጇ የደረቀባትን ልጅ አንድ ዳኛ እንዲህ ብለው አሰናበቷት፦ «የቀለበት ጣትሽ ደካማ ናት። ጣቶችሽ እኩል እስኪጠነክሩ የጣት ስፖርት ሥሪ፤ ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ 144 ምት ሲገባልሽ ተመለሺ።» ቪዲዮውን የተቀባበለው ሁሉ «እውነቱን ነገሯት» እያለ አጨበጨበ። የቱን እውነት?

መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የመሀል ጣታችሁን ወደ ውስጥ አጥፉና የቀለበቷን ብቻ ለማንሳት ሞክሩ። እንቢ ትላለች። ስንፍና አይደለም፤ በእጅ ጀርባ ያሉት ጣት የሚያነሱ ጅማቶች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ይህን ማሰሪያ የትኛው ስፖርት ነው የሚፈታው? ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን ጣቱን በመሣሪያ ሊያሠለጥን ሞክሮ ነበር፤ ቀኝ እጁ ተበላሽቶ ፒያኒስትነቱ ቀረ። የጉዳቱ መንስኤ ሊቃውንቱን ዛሬም ያከራክራል፣ እኔን ግን አያከራክረኝም።

ሾፓን ራሱ ሳይጨርሰው በቀረው የማስተማሪያ ጽሑፉ፣ ጣቶችን እኩል ለማድረግ መድከም ከተፈጥሮ ጋር መጣላት እንደሆነ አስፍሯል። ተማሪዎቹን ነጭ ቁልፎችን ብቻ በሚነካው የድምፅ መሰላል፣ በሲ ሜጀር ስኬል፣ አያስጀምርም ነበር። በቢ ሜጀር ነው የሚያስጀምራቸው፤ ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ፣ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ነጮቹ ላይ ስለሚያርፉ። እሱ ለእጅ ከባድ ያለውን ሲ ሜጀር እኛ ለጀማሪ እንሰጣለን፤ ይሄ ሌላ ጉድ ነው።

ወደ ኤቱዱ እንምጣ። ክሮማቲክ ስኬሉ፣ ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ በተራ የሚያዳርሰው የቀኝ እጅ መስመር፣ የሚሮጠው በመሀል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት ብቻ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት በየምቱ መጀመሪያ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ይነካሉ። ኮርዱ አጭር ሆኖ ነው የተጻፈው፣ ከኋላው ዕረፍት አለ። ተማሪው ግን ዕረፍቱን አያነብም። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ መዳፉ ተወጥሮ ይቆያል፣ ክንዱ ይደነድናል፤ ያኔ የቀለበቷም የትንሿም ጣት መንቀሳቀሻ ያጣሉ። የሚታየው የቀለበቷ መንተባተብ ነው፣ ጥፋቱ ግን የአውራ ጣት ነው። ዳኛው የወደቀውን ከሰሱ፣ የገፋውን ለቀቁ።

መፍትሔው የሚጀምረው ላይኛውን መስመር፣ ክሮማቲክ ስኬሉን፣ ብቻ በሜትሮኖም 60፣ ድምፁን ሳይቆርጡ በመጫወት ነው። ሾፓን በሁሉም ድምፅ ላይ ማለት ይቻላል የጣት ቁጥር ጽፏል፤ እሱን አትቀይሩ። የመሀል ጣት በትንሿ ላይ ስትሻገር አንጓው ይከተላት፣ ብቻዋን አትንጠራራ። ጣት ከፍ አድርጎ መምታት እዚህ ሞት ነው፤ ጣቶቹ ከቁልፉ አይራቁ። ይህ ሲረጋጋ አውራና ሌባ ጣት ቁልፉን ሳይጫኑ ቦታቸውን ብቻ ይንኩ። ቀጥሎ በለሆሳስ፣ ነክቶ መልቀቅ። አራት ድምፅ ተጫውታችሁ በሚቀጥለው ምት ላይ ቁሙ፤ እጁ እዚያ ላይ ካልላላ ሜትሮኖሙን መጨመር ችግሩን ማፍጠን ነው። ግራ እጅም ለብቻው ይጠና። ሾፓን የኦርኬስትራ መሪ ይለው ነበር፤ ዘፋኙ ቢጎትትም ከበሮው ቦታውን እንደሚጠብቀው ማለት ነው።

144 የተባለውስ? አዎ፣ ሾፓን የጻፈው ቁጥር ነው። በየምቱ አራት ድምፅ ስላለ በሰከንድ ወደ 10 ድምፅ ይመጣል። ግን ኤቱዶቹ የታተሙት በ1833 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሾፓን ይወደው የነበረው የፕሌየል ፒያኖም ቁልፉ ቀላል፣ ጥልቀቱም አነስተኛ ነበር። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ ቁልፍ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ለመውረድም ወደ 50 ግራም ይፈልጋል። ቁጥሩን ጠብቆ መሣሪያውን መርሳት ዳኝነት ሳይሆን ሰዓት ቆጣሪነት ነው።

ጉልበት አያስፈልግም አላልኩም። የሾፓን ኦፐስ 53 ፖሎኔዝ (በፖላንድ ጭፈራ ምት የተጻፈ ድርሰት) የግራ እጅ ኦክታቮች፣ ስምንት ነጭ ቁልፍ የሚያካልሉት ጥንድ ድምፆች፣ ጉልበት ይጠይቃሉ፣ እሺ። እሱም ቢሆን የክንድ እንጂ የጣት አይደለም። ልጅቷ አሁን በዳኛው ምክር የቀለበት ጣቷን ስትቀጠቅጥ ትከርማለች፤ አውራ ጣቷም እዚያው ቁልፉ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃታል።