ባንክ ሲዋሐድ ማን ይጠየቃል?

ፍራንክፈርት ለሚኖር ሰው የባንክ ወሬ አያመልጠውም። መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑ ባንክ ዩኒክሬዲት የጀርመኑን ባንክ የኮሜርዝባንክን 9 በመቶ ድርሻ ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን የሸጠለት ራሱ የጀርመን መንግሥት ነው። ሆኖም አገሩ ተንጫጫ። የወቅቱ መራሔ መንግሥት ሾልዝ ነገሩን ወዳጅነት የጎደለው ጥቃት አሉት። ሠራተኞች ሰልፍ ወጡ። ከእንግዲህ የጀርመን ትንንሽ ድርጅቶች ብድር የሚወሰነው የዩኒክሬዲት ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ሚላን ነው ብለው የሰጉም ብዙ ናቸው።

ሕጉ ግን በሩን አልዘጋም። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዩኒክሬዲት ድርሻውን እስከ 29.9 በመቶ እንዲያሳድግ ፈቅዷል። 30 ከሞላ የቀሩትን ባለአክሲዮኖች ሁሉ እገዛችኋለሁ የማለት ግዴታ ይመጣበታል። እኔን የማረከኝ የሠራተኛው አቅም ነው። በኮሜርዝባንክ ተቆጣጣሪ ቦርድ ካሉት 20 ወንበሮች 10ሩ የሠራተኛው ናቸው። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ እንዲህ እንዲያደርግ የ1976 እ.ኤ.አ. የጀርመን ሕግ ያዛል። ገዢ ሲመጣ መስኮት ላይ ብር የምትቆጥረዋ ልጅ ወኪል እዚያው ስብሰባ ውስጥ አለ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። ሁለቱም የመንግሥት ስለነበሩ ውሳኔው ከላይ መጣ፣ አለቀ።

የግሎቹ ነገር ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዝቅተኛውን ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጠ። ትንንሾቹ ይዋሐዳሉ የሚል ግምት ነበር። ብዙዎቹ ግን አዲስ አክሲዮን ወደመሸጥ ሄዱ። አይገርመኝም። የእኛ ባንክ ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው በመተዋወቅ ነው፤ አክሲዮኑ በዘመድ፣ በወዳጅ፣ በአገር ልጅ በኩል ይሸጣል። ለፍተው ያቆሙትን ስም ማጥፋት መሥራቾቹን ያማቸዋል። የቦርድ ወንበሩንማ ተዉት። ይህን ስሜት መመሪያ አይሽረውም፤ እኔም አልነቅፈውም፣ ያለ እሱ ስንቱ ባንክ አይከፈትም ነበር።

የሚያሳስበኝ የሚመጣው ነው። ታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባለሀብቶች በድምሩ እስከ 49 በመቶ እንዲይዙ ይፈቅዳል። የዚህኛው ገዢ የአገር ልጅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ድርጅት ስለተዋሐደ ወይም ስለተሸጠ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ቅርንጫፍ ሊታጠፍ፣ ሰው ከቤተሰቡ ርቆ ሊዛወር ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ውህደት ከማጽደቁ በፊት የሠራተኛ ማኅበሩን ሐሳብ በጽሑፍ ይቀበል፤ ያውም ባለአክሲዮኖች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት።