ደኑን አትጥረጉት

ወገኖቼ፣ ዛሬስ ልቆጣችሁ ነው። በቀደም ለንግሥ ደቡብ ጎንደር ወርጄ ነበር። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ደብር ብቻ አይደለምና። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ደን ውስጡ ሙልጭ ተደርጎ ተመንጥሯል። ቁጥቋጦ የለ፣ ሐረግ የለ። ጥዱና ወይራው ብቻ እንደ ምሰሶ ተገትሯል። አንዱ ጎልማሳ «አየህ፣ እንዴት እንዳማረ!» አለኝ።

ለማን ነው ያማረው? ሚዳቋ ሳሎን ውስጥ አትኖርም። ግልገሏን የምትደብቀው እናንተ ቆሻሻ ብላችሁ ባቃጠላችሁት ቁጥቋጦ ነበር። አብሮ የተቃጠለው የወይራ ቡቃያ ነው። ከምንጣሮ የተረፈውን ደግሞ ከብት ይግጠዋል። ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ ምን ሊተካው ነው?

«አርጅቷል፣ ለማገዶ ይሁን» ብላችሁ የምትጥሉት ባለ ፍልፍል ዛፍስ? ምንቃሯ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተጫነባትን ያቺን ትልቅ ጥቁር ወፍ ታውቋታላችሁ። ጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ የሄደ ሰው አያጣትም። እንቁላል ልትጥል ስትል ፍልፍሉ ውስጥ ትገባና መግቢያው በጭቃ ይደፈናል። የምትቀረው አንዲት ጠባብ ስንጥቅ ናት። ወንዱ በዚያች በኩል ሾላ እየለቀመ ያጎርሳታል። ከሦስት ወር በላይ! አራስ ቤት ማለት ነው። እኛ በመጥረቢያ የምንገባው እዚያ ነው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ናቸው፤ ዙሪያቸው እርሻ ነው። አውሬው ከዚያ ወጥቶ የት ይግባ? በቆሎ ውስጥ ይገባል። ከዚያ «ጦጣ ፈጀን» እንላለን። የዋንዛ ፍሬዋን ማን ነጠቃት? ኑጋችሁም ቢሆን ያለ ንብ በቅጡ አያፈራም፤ ንቡ ደግሞ ከደኑ ነው የሚመጣው።

ዘጌ ላይ አባቶች ማረስን ከልክለው ደን አቆዩልን። ያም ሆኖ እንጨቱ በታንኳ ባሕር ዳር ገበያ ሲወጣ ኖሯል። ገዢው ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል? እውነቱን ለመናገር እኔም ጠይቄ አላውቅም።

መላው ሩቅ አይደለም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ሆኖ አንዳንድ ደብሮችን በድንጋይ ካብ አሳጥሯል። ድንጋዩ ከእርሻ ይለቀማል፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ከብቱም ይታገዳል። ቡቃያው ያኔ ቀና ይላል።

እናም ለሚቀጥለው ንግሥ «ደኑን እናጽዳ» ብሎ የሚጠራችሁ ካለ፣ ገጀራውን ቤት ትታችሁ ድንጋይ ተሸክማችሁ ሂዱ።